የጃፓንንና የስካንዲኔቪያን ዘይቤ ያጣመረ ሳሎን እንዴት እንደሚዘጋጅ

ጃፓንዲ የሚባለው የቤት ውስጥ ዘይቤ ስሙን ያገኘው ከጃፓንና ከስካንዲኔቪያ ስሞች መጣመር ነው። ሁለቱ ምድሮች እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም፣ ዴንማርክና ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1867 ውል ከተፈራረሙ ወዲህ የጃፓን የእጅ ሥራ በሰሜን አውሮፓ ንድፍ አውጪዎች ዘንድ ሲጠናና ሲወደድ ቆይቷል፤ ሁለቱም ወገኖች ቤትን የሚያስውቡት በዕቃ ብዛት ሳይሆን በእንጨት፣ በብርሃንና በጥንቃቄ በተሠሩ ጥቂት ነገሮች በመሆኑ ጋብቻው ሰምሯል። አብዛኛው ሰው ግን ሥራውን የሚጀምረው ዕቃ በመግዛት ነው፤ እኔም እንዲሁ ጀምሬ ሳሎኔን ሁለት ጊዜ እንደገና ለመሥራት ተገድጃለሁ። ስለዚህ የማቀርበው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው፤ ብርሃን ይቀድማል፣ የግድግዳው ቀለምና እንጨቱ ይከተላሉ፣ ሶፋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በመጀመሪያ ክፍሉን ባዶ ያድርጉት። የሚቀመጡበትን ወንበር ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ያውጡና ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲሁ ይቆዩ። ጃፓኖች «ማ» የሚሉት፣ በነገሮች መካከል ሆን ተብሎ የሚተው ክፍተት ዋጋው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት ያላስፈለገዎትን ዕቃ አይመልሱት።

ቀጥሎ መብራቱን ያስተካክሉ። ከጣሪያው መካከል የሚወርድ አንድ ብርቱ መብራት ጥላውን ሁሉ አጥፍቶ ክፍሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ በምትኩ ሦስት ወይም አራት ለስላሳ መብራቶችን በተቀመጠ ሰው የዓይን ከፍታና ከዚያ ዝቅ አድርገው ያሰራጩ። አምፖሎቹ ማሸጊያቸው ላይ 2700 ኬልቪን የሚል የተጻፈባቸው ይሁኑ፤ ቁጥሩ 4000 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ብርሃኑ ስለሚነጣ እንጨት ሙቀቱን ያጣል። አምፖሉ ራሱ ለዓይን መታየት የለበትም። ዴንማርካዊው ንድፍ አውጪ ፖል ሄኒንግሰን ለዚሁ ሲል መብራቶቹን በተደራረቡ ሽፋኖች ሠራቸው፤ ጃፓናዊ-አሜሪካዊው ቀራፂ ኢሳሙ ኖጉቺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 የጃፓኗን ጊፉ ከተማ ፋኖስ ሠሪዎች ከጎበኘ በኋላ አካሪ የተባሉትን የወረቀት መብራቶች መንደፍ ጀመረ። ለጀማሪ ከክብ የወረቀት መብራት የተሻለ ግዢ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ውስጡ ግን ብዙ የማይግል የኤልኢዲ አምፖል ብቻ ይግባበት።

ግድግዳውን በተመለከተ ቀለም ከትንሽ የናሙና ካርድ ላይ አይምረጡ። እኔ በዚያ መንገድ የመረጥኩት ንጹሕ ነጭ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት ሳሎኔ ውስጥ ቀን ቀን ወደ ሰማያዊ እያደላ የሕክምና ክፍል አስመሰለው። አሁን ሃምሳ በሃምሳ ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ እቀባና ካርቶኑን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያዛወርኩ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አየዋለሁ። ወደ አሸዋ ወይም ወደ አጃ ቀለም የሚያደላ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም።

ከሁሉ የሚከብደው እንጨት ማስማማት ነው። ስካንዲኔቪያ እንደ በርች፣ አሽና ኦክ ያሉትን ፈዛዛ እንጨቶች ታመጣለች፤ ከጃፓን በኩል ጠቆር ያለው፣ አንዳንዴም በእሳት የተለበለበው እንጨት ይመጣል። ሁለቱን እኩል መጠን ሰጥቶ ማስቀመጥ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ፈዛዛው ገዢ ሆኖ ጥቁሩ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ቢይዝ፣ ለምሳሌ አንድ በርጩማና የመብራት እግር ቢሆን፣ ዓይን የሚያርፍበት ያገኛል።

ከመጠኑ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ግን ከላይኛው ቀለም ሥር ያለው ቀለም ነው። ሁለት ፈዛዛ እንጨቶች ለየብቻ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ወደ ሮዝ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ርካሽ ይመስላሉ። ይህን ለመለየት ነጭ ወረቀት ከእንጨቱ አጠገብ ያስቀምጡ፤ የተደበቀው ቀለም ወዲያው ይወጣል። አዲስ ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱም የቤትዎን እንጨት ቁራጭ ወይም መሳቢያ ይዘው ይሂዱ እንጂ ፎቶግራፍ አይመኑ።

የእንጨቱ ማጠናቀቂያ ቅብም ቀለሙን ይለውጠዋል። እኔ ፈዛዛውን የአሽ ጠረጴዛ ራሴ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ የተልባ ዘይት ቀባሁት፤ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ ከሌላው ዕቃ ጋር ተጣላ፤ እንደገና እስከ ነጩ ድረስ መፋቅ ግድ ሆነብኝ። ፈዛዛነቱ እንዲጠበቅ ከተፈለገ በዴንማርክ የቆየውን የሳሙና ዘዴ እመርጣለሁ፤ ንጹሕ የሳሙና ቅንጣት በሙቅ ውኃ ሟሙቶ በጨርቅ ይቀባል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ ሲደርቅም ይደገማል። ቡናና ወይን ጠጅ በቀላሉ ያበላሹታል፣ በየጊዜውም መታደስ አለበት፤ ቢሆንም የእንጨቱን ደረቅ ልስላሴ ለመዳፍ የሚያቆይ ሌላ ቅብ አላገኘሁም። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ለዚህ ዘይቤ ፈጽሞ አይሆንም። የተልባ ዘይት የሚጠቀም ሰው ግን ይህን ይወቅ፦ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሶፋው ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ከወለል ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ይሁን፤ ለመነሣት የሚቸገር ሰው በቤቱ ካለ ግን ከፍ ያለውን ይምረጡ። በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። መጋረጃው ከተልባ እግር፣ ምንጣፉ ከሱፍ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የምንጣፉ ስፋት ቢያንስ የሶፋውን የፊት እግሮች ይያዝ። ክፍት መደርደሪያ በፎቶግራፍ ቢያምርም አልመክረውም፤ የኤሌክትሪክ ገመድና የዕለት ተዕለት ዝርክርክ የሚደበቅበት በር ያለው ዝቅተኛ ቁምሳጥን ይሻላል።

ለማስጌጫ አንድ ሸክላ ይበቃል። በእጅ የተሠራ፣ አፉ ትንሽ የተዛባ ወይም ቅቡ ያልተስተካከለ ይሁን፤ ዋቢ-ሳቢ የሚባለው የጃፓኖች ዕይታ ውበት የሚያገኘው እንዲህ ባለው ጉድለትና በእርጅና ነው። ከመካከል ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው ያስቀምጡትና አንድ ቅርንጫፍ ያቁሙበት፤ ማታ የቅርንጫፉ ጥላ ግድግዳው ላይ እስኪያርፍ ድረስም መብራቱን ጥቂት በጥቂት ያንቀሳቅሱ።