ውጭ ሆናችሁ ውክልና ስትልኩ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለውን አስወጡት

አገር ቤት ያለውን ቤት ለማከራየት ብለን የምንልከው ውክልና ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው የተቀዳ ነው። ውስጡ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ በዋስትና ለማስያዝ» ይላል። ሳናነበው እንፈርማለን። ከዚያ ቤቱ አንድ ቀን ተሽጦ ይገኛል፤ ወረቀቱም «ፈቅደሃል» ይላል።

መላው ቀላል ነው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚያን ቃላት አስወጡ። ቤቱን በካርታ ቁጥሩ ጥቀሱ፣ ሥራውንም ለይታችሁ ጻፉ፦ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈል። ክርክር ካለ ፍርድ ቤት መቅረብንም ጨምሩ፤ እሱ ካልተጻፈ እንደተፈቀደ አይቆጠርም።

ለምን ይሠራል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ስለዚህ ቃሉ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ተወካዩ መሸጥ አይችልም። ወንድምም ቢሆን። (የሚቀየም ዘመድ አይጠፋም፣ ይቀየም።)

ውክልናውን ማንሳት ከፈለጋችሁ በስልክ «ትቼዋለሁ» ማለት አይበቃም። መሻሪያውን በጽሑፍ አድርጋችሁ ውክልናው ለተመዘገበበት የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አድርሱ፣ ዋናውን ወረቀትም አስመልሱ።

በእውነት ልትሸጡ ከሆነ ግን ይሄ ምክር አይሆናችሁም። ያኔ ለዚያው ሽያጭ ብቻ የሚሆን ሌላ ውክልና ስጡ።