ከላይ የሚከፈተውን የእንጨት ሞርሳ ማስተካከል

ጣውላው መላጊያ ሲነካው የሚያመልጠው ብሎኑ ላልቶ አልነበረም። ብሎኑ መንጋጋውን (ጣውላውን የሚይዘውን ተንቀሳቃሽ እንጨት) የሚገፋው መሐል ላይ ነው፤ ጣውላው ከብሎኑ በላይ ሲያዝ የመንጋጋው ግርጌ ወደ ባንኮው ይገባል፣ አፉ ይከፈታል።

መፍትሔው ከግርጌው 4 በ6 ሳንቲሜትር የሆነ የወይራ ዘንግ በኮላና በሁለት ብሎን አስሮ በባንኮው እግር ማሳለፍ ነው። ዘንጉን በየ2.5 ሳንቲሜትሩ በ10 ሚሊሜትር ፑንታ ብሱት። ከመንጋጋው የጣውላውን ውፍረት በሚያህል ርቀት ላይ ባለው ቀዳዳ፣ ከእግሩ ፊት ለፊት ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ ሲሰካ ግርጌው ወደ ውስጥ አይገባም። ባለ 10 ፌሮ አትሞክሩ፣ የፌሮው ጥርስ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ይስፋ፤ የጎጃም ክረምት እንጨቱን ያሳብጠዋል።

ለመንጋጋው 6 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ዋንዛ ይሻላል፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ብሎኑ የሚዞርበትን ዳዶ እንጨት ውስጥ ብቻ መቅበር ከንቱ ነው፣ ውሎ አድሮ ይዞራል። 5 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ አስበይዱና በአራት ብሎን እሰሩት። ባለ 20 ሚሊሜትር ብሎን በአንድ ዙር የሚሄደው 2.5 ሚሊሜትር ነው፤ 10 ሳንቲሜትር ለመክፈት 40 ዙር! የአሮጌ ክሪክ ብሎን ከተገኘ ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ ይፈጥናል።