ጆርጅታውንን በእግር እንዴት መጎብኘት ይቻላል፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ፔናንግ ለሚደርስ እንግዳ

ጆርጅታውን በሰሜን ምዕራብ ማሌዥያ የምትገኘው የፔናንግ ግዛት ዋና ከተማ ናት። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰው የነበረው ፍራንሲስ ላይት እ.ኤ.አ. በ1786 ሲቆረቁራት ወደቡን ከቀረጥ ነፃ ስላደረገው፣ ቻይናውያን፣ ታሚሎች፣ ማላዮች፣ ከሱማትራ ደሴት የመጡ የአቼ ሰዎች፣ ዐረቦች፣ በርማውያንና አርመኖች ለንግድ ጎረፉባት። የብዙዎቹ ተወላጆች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ ስለዚህ ከተማዋን ለማወቅ ከሙዚየም ይልቅ መንገዱን መከተል ይሻላል። አሮጌው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2008 ከሌላዋ የማሌዥያ የወደብ ከተማ ከመላካ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዋናው ቀጠና 109 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር፤ ለእግረኛ ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃል።

1. ከመነሣትዎ በፊት

የቪዛ ደንቡ እንደ ፓስፖርቱ ስለሚለያይ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያጣሩ። ከዚህ በተጨማሪ፣ ወደ ማሌዥያ የሚገባ የውጭ አገር ሰው ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ዲጂታል የመግቢያ ቅጹን በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይሞላል። ቅጹ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎት ትክክለኛው አይደለም።

መስከረምና ጥቅምት ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። በቻይናውያን አዲስ ዓመት ከተማዋ ብትደምቅም ብዙ ምግብ ቤቶች ለቀናት ይዘጋሉ። ማረፊያዎን በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ለምሳሌ በቹሊያ ጎዳና አካባቢ ይያዙ፤ የባቱ ፈሪንጊ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ያማሩ ቢሆኑም በየቀኑ በአውቶቡስ መመላለስ ያስከትላሉ።

2. መድረስ

ከኩዋላ ላምፑር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከባያን ለፓስ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጥር 401ኢ የሆነው የራፒድ ፔናንግ አውቶቡስ መሐል ከተማ ያደርሳል። ጊዜ ያለው ግን በባቡር ቢመጣ ይመረጣል፤ ከኩዋላ ላምፑር፣ ከፔናንግ ደሴት ማዶ በየብስ ላይ እስካለችው ባተርወርዝ ከአራት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ከጣቢያው አጠገብ ደግሞ ጀልባ አለ። ጀልባው ጥቂት ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ) ብቻ የሚያስከፍል ሲሆን፣ ነጋዴዎቹ በገቡበት በባሕሩ በኩል ያስገባዎታል።

3. የመጀመሪያው ጠዋት፦ አንድ ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ

ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1818 የተሠራው ይህ ነጭ ባለ ዓምድ ሕንፃ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጥንታዊው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በጃላን ማስጂድ ካፒታን ከሊንግ ጎዳና ይሂዱ፤ መንገዱ በሙሉ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባይበልጥም ግማሽ ቀን ይመድቡለት።

ቀጥሎ የሚያገኙት የምሕረት እመቤት ለሚሏት ለኳን ዪን የቆመው የቻይናውያን ቤተ መቅደስ ነው። ግቢው ውስጥ ሰው የሚያህሉ የዕጣን ዘንጎች ይነዳሉ፤ አሮጊቶች ከቦርሳቸው ብርቱካንና ቀጫጭን ዕጣን አውጥተው፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥተው፣ አመዱ ውስጥ ይተክላሉ። ጸሎት ላይ ያለን ሰው ከፊት ለፊቱ ቆሞ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው።

ጥቂት አለፍ ብለው በስተግራ ወደ ኩዊን ጎዳና ሲታጠፉ እ.ኤ.አ. በ1833 የተሠራው የስሪ ማሃማሪያማን የሂንዱ ቤተ መቅደስ በቀለማት በተጥለቀለቁ የአማልክት ምስሎች ይቀበልዎታል። እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ጠዋት መድረስ ግድ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አዲስ ሥርዓት አይደለም። ዙሪያው ትንሿ ሕንድ የሚባለው ሰፈር ሲሆን፣ የጃዝሚን አበባ ጉንጉን የሚሸጡት፣ የወርቅ ቤቶቹና የሕንድ ሴቶች የሚለብሱትን የሳሪ ጨርቅ የደረደሩት ሱቆች እዚህ ናቸው።

ወደ ዋናው ጎዳና ሲመለሱ፣ የሕንድ ሙስሊም ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1801 ያቋቋሙትን የካፒታን ከሊንግ መስጊድ ያገኛሉ። ካፒታን የየማኅበረሰቡ አለቃ ማዕረግ ነበር፤ ኩባንያው እያንዳንዱን ወገን በራሱ አለቃ ያስተዳድር ስለነበር መሬትም ለመስጊዱ የሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። አራት ሃይማኖቶች በአንድ መንገድ ላይ የተሰለፉት ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ በአጋጣሚ አይደለም። ከሶላት ሰዓት ውጭ እንግዳ ይገባል፤ ልብሱ የማይሸፍነው ሰው በር ላይ መደረቢያ ይዋሳል።

መጨረሻው ኩ ኮንግሲ ነው፤ ከቻይናው የፉጂያን ግዛት የመጡት የኩ ጎሣ ሰዎች የአባቶቻቸውን ስም የሚያከብሩበት አዳራሽ። የቀድሞው እ.ኤ.አ. በ1901 ተቃጥሎ ያሁኑ በ1906 ተጠናቀቀ። ለመግቢያ ከሚከፈልባቸው ቦታዎች አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብዎት ይህን ይምረጡ።

አጠገቡ ያለው የአርመን ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2012 በተሣሉት የግድግዳ ሥዕሎች ይታወቃል፤ በእኔ እይታ ለፎቶ የሚፈጀው ሰልፍ ሥዕሎቹ ከሚገባቸው በላይ ነው። አርመኖቹ ራሳቸው፣ ለአዲስ አበባ ሰው የሚታወቁት ወገኖች፣ እዚህም ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ ሳለ አሻራቸው ጎልቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1885 የተከፈተውን ኢስተርን ኤንድ ኦሪየንታል ሆቴል ያቋቋሙት የሳርኪስ ወንድማማቾች ናቸው።

4. መብላት

ኮፒቲያም በሚባለው የቻይናውያን ቡና ቤት ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወንበር ይያዙ፣ የጠረጴዛውን ቁጥር ይመልከቱ፣ ከዚያ በየመደቡ እየዞሩ ይዘዙ። ምግቡ ሲመጣ ለየሻጩ ይከፈላል፤ ጠረጴዛው የመጠጥ ሻጩ ስለሆነ መጠጥ ማዘዝ ይጠበቅብዎታል። ቡናው ብዙውን ጊዜ ከስኳርና ከማርጋሪን ጋር ስለሚቆላ ጥቁርና ከባድ ነው፤ ከእኛ ቡና ጋር አያወዳድሩት። ወተት የሌለበትን ከፈለጉ «ኮፒ ኦ»፣ ሻይም ከሆነ «ቴ ኦ» ይበሉ።

አሳማ ለማይበላ ሰው ዋናው ጥንቃቄ ቻር ኳይ ቲያው ላይ ነው፤ ይህ ዝነኛ የሩዝ ኑድል በቻይናውያን መደብ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይጠበሳል። ሆኪየን ሚ የሚባለው የፔናንግ የኑድል ሾርባም መረቁ ከሽሪምፕና ከአሳማ አጥንት ነው። የሕንድ ሙስሊሞች ናሲ ካንዳር ግን ሐላል ነው፦ ሩዝ ላይ የመረጡትን ወጥ ያፈስሱበታል፤ መረቆቹ እንዲቀላቀሉ መፍቀድ ጣዕሙን ያበዛዋል።

ጾም ላይ ያለ ሰው ወደ ትንሿ ሕንድ የአትክልት ምግብ ቤቶች ይሂድ። በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ፣ ክክና አትክልት ይቀርባል፤ ዶሳ ደግሞ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ቦክቶ የሚጋገር ስለሆነ ለእንጀራ በላ ሰው አይከብድም። እርጎና ቅቤ እንዳይጨመር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሥጋ የሌለው የሚመስል የማላይ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ብላቻን የተባለ የሽሪምፕ ቅመም ሊኖር ስለሚችል መጠየቅ አይክፋዎት።

5. አመሻሽ ላይ፦ በውኃ ላይ ያሉት ሰፈሮች

በዌልድ ኪይ ዳርቻ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙት የቻይናውያን ጎሣ ሰፈሮች ይገኛሉ፤ አብዛኛው ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ስም ተሸካሚዎች ነው። የቹ ሰፈር በጎብኚ ስለሚጨናነቅ የታን ወይም የሊ ሰፈር ይሻላል። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸውና ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ በተከፈተ በርም ካሜራ አያስገቡ።

6. ሁለተኛው ቀን

ጠዋት በ204 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ፔናንግ ኮረብታ ይሂዱ፤ በቅዳሜና እሑድ ወደ ላይ ለሚያወጣው ባቡር የሚያሰልፈው ወረፋ ረጅም ስለሆነ ከሥራ ቀናት አንዱን ይምረጡ። በመልስ መንገድ አየር ኢታም ላይ የኬክ ሎክ ሲ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ አለ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሎሮንግ በርማ ሲያልፉ የታይላንድና የበርማ ቤተ መቅደሶች በአንዲት ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተፋጥጠው ያገኛሉ፤ በታይላንዳውያኑ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለው የተጋደመ ቡድሃ 33 ሜትር ርዝመት አለው። ሁለቱም አመሻሽ ላይ ስለሚዘጉ ከዐሥር ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ከዚያ ገርኒ ድራይቭ ወዳለው የምሽት ምግብ መደዳ በእግር መሄድ ይቻላል።