ዝንጅብል አድርቆ መሸጥ ላሰባችሁ

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ሁሉም አለ። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ዝንጅብል ነው። ግማሹ «ለምን ለምን ይሆናል?» ይላል። ግማሹ ደግሞ ሱቋን ቃኘት አድርጎ «ያዋጣል እንዴ?» ይላል። ሁለቱንም ልመልስ። አስቀድሜ ግን አቋሜን ልንገራችሁ። እርጥብ ዝንጅብል ገዝቶ መልሶ መሸጥ ለእንደኔ ዓይነቱ ብዙም ፈቀቅ አያደርግም። ትርፉ ያለው ማድረቁ ላይ ነው፤ ያውም በደንብ ላደረቀ።

ለምን ይሆናል?

ዝንጅብል በደንብ የተመሰከረለት ለማቅለሽለሽ ነው። ይህን እናቶቻችን ብቻ ሳይሆኑ ሐኪሞችም ይሉታል። የእርግዝና ማቅለሽለሽ ላይ ብዙ ጊዜ ተጠንቷል። በጥናቶቹ የሚሰጠው በአብዛኛው በቀን 1 ግራም ገደማ ዱቄት ነው፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ቢሆን ነው። ነፍሰ ጡር ከዚያ በላይ መውሰድ ከፈለገች መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። የወር አበባ ሕመም ላይም የተሠሩ ጥናቶች አሉ፤ ሕመሙን ቀለል ያደርጋል ይላሉ።

ጉንፋን ሲይዘን የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሰውነት ያሞቃል። ቫይረሱን ግን አይገድልም። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ዋጋቸው ጣራ ነካ። ያኔ «ይከላከላል» እያለ የሸጠ ሰው ብር አግኝቶ ይሆናል። እኔ ሱቄ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም። «ቦርጭ ያጠፋል» እና «ስኳር ይፈውሳል» የሚሉትም አይመቹኝም።

«ጨጓራ አለብኝ፣ ልጠጣው?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ቃር የሚያስቸግረው ሰው ጠንከር ያለ ዝንጅብል በባዶ ሆዱ ሲጠጣ ሊብስበት ይችላል። ጨጓራዬ ላይ ባክቴሪያ አለ የተባለም ሰው መድኃኒቱን በዝንጅብል መተካት የለበትም። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ ወይም የስኳር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ በየቀኑ በብዛት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በወጥ ውስጥ የሚገባው ግን ማንንም አያስፈራም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዝንጅብል በማር ለሳል ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ሻዩን ስታፈሉ አንድ አውራ ጣት የሚያህል እርጥብ ዝንጅብል አጥባችሁ በስሱ ክተፉና አሥር ደቂቃ ያህል አንተክትኩት። ልጣጩን ማንሳት የግድ አይደለም፤ መታጠቡ ነው የግዱ። በደረቅ የምታፈሉ ከሆነ መጠኑን ቀንሱ። እርጥቡ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር ሲደርቅ ከፊሉ ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ወደሚለበልብ ነገር ይቀየራል። ደረቅ ዝንጅብል ጉሮሮን እንዲያ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ከየት፣ መቼ ይገዛል?

እኔ የምገዛው በአብዛኛው ከከምባታና ከወላይታ በኩል የሚመጣውን ነው። ሃደሮ፣ ጠምባሮ፣ ቦሎሶ የዝንጅብል አገር ናቸው። ዳውሮና ካፋም ጥሩ ዝንጅብል አለ። ገበሬው በልግ ሲገባ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይተክላል። ለማድረቅ የሚሆነው ከስምንት እስከ አሥር ወር የቆየው ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ መድረሱን ያሳያል። ይህ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ላይ ያርፋል። ፀሐዩም ያኔ ነው፣ ገበያው የሚጠግበውም ያኔ ነው። በክረምት ዝንጅብል ገዝቶ ላድርቅ ማለት ከዝናብ ጋር ትግል መግጠም ነው።

ስትገዙ አንዱን ቆረጥ አድርጉት። ለጋው ቃጫ የለውም፣ ውኃው ብዙ ነው፤ ለሻይና ለድስት ይጣፍጣል፣ ሲደርቅ ግን ተኮራምቶ እፍኝ አይሞላም። የደረሰው ቆዳው ጠንከር ያለ ነው፣ ሲሰበር ቃጫው ይታያል፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ጫፉ የለሰለሰውንና ሻጋታ የጀመረውን አትቀበሉ። ጭቃው ላይም ዓይናችሁን ጣሉ። በጣቶቹ መሀል የተጠቀጠቀው አፈር እናንተ በዝንጅብል ዋጋ የምትገዙት አፈር ነው።

የዝንጅብል አገር ገበሬዎችን ስታነጋግሩ ሳይነሳ የማይቀር ጉዳይ አለ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን ጠራርጎት ነበር። ብዙ ሰው ዝንጅብልን ትቶ ወደ ሌላ ሰብል ዞረ። ዝንጅብል ፍሬ ተዘርቶ አይበቅልም፤ የሚተከለው ያው የምንበላው ክፍል ነው። ስለዚህ በሽታው ከዘሩ ጋር ተሸክፎ ከማሳ ማሳ ይሄዳል። ሃደሮ ያለ አንድ ገበሬ ወዳጄ እንዴት እንደሚለየው አሳይቶኛል። የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ ቆርጦ ጥርት ያለ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሎ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል መውረድ ጀመረ። «አየሽው እህቴ? ይሄ ከታየ ከዚህ ማሳ ዘር አይወሰድም» አለኝ። ጓሮ ልትከል የምትሉ ይህን ያዙ። ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ የነበረበት መሬት ላይም አትትከሉ፤ ያው በሽታ እነሱንም ያጠቃል።

ማድረቁ

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፤ ብሩ የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ ጣቶቹን ገነጣጥሉ። ውኃ ውስጥ ትንሽ ዘፍዝፋችሁ በብሩሽ እሹት፤ ውኃው ጥርት እስኪል ለዋውጡ። ከዚያ ልጣጩን በቢላ ጀርባ ወይም በማንኪያ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። በቢላ ስለት ወፈር አድርጎ መላጥ ኪሳራ ነው። ሽታ የሚሰጠው ዘይት በብዛት ያለው ከልጣጩ ሥር ነው፤ ወፍራም ልጣጭ ስትጥሉ እሱን ነው የምትጥሉት።

ቀጥሎ ቃጫውን አቋርጣችሁ ክተፉ፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይሁን። በቁመቱ የተከተፈ ዝንጅብል ሲፈጭ ፀጉር ፀጉር ይላል፣ ወንፊት ላይ ይቀራል። አቋርጣችሁ ከቆረጣችሁት ቃጫው አጭር ይሆንና ዱቄቱ ይልማል። ውፍረቱ እኩል ካልሆነም ስሱ ደርቆ ወፍራሙ እርጥብ ይቀራል። ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያች ከወፍራሟ ነው።

ፀሐይ ላይ ስታሰጡት መሬት አታስነኩት። ከእንጨት ቆጥ ሥሩና ንጹሕ መረብ ወጥሩበት፣ አየር ከሥርም ይግባ። መረብ ስል አጎበር ማለቴ አይደለም! በየቤቱ የሚታደለው የወባ አጎበር ፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ምግብ አይሰጣበትም። አስፋልት ዳር የሚያሰጡም አሉ። የመኪና ጭስ ያጠገበውን ዝንጅብል ለሰው ሻይ መስጠት ምን ይባላል? ከላይ ስስ ነጭ ሻሽ ጣል አድርጉበት፤ ዝንብና አቧራ ይከለክላል። አመሻሽ ላይ አስገቡት። ቀን የደረቀውን ሌሊት ጤዛ ያረጥበዋል፤ እንዲህ የከረመ ዝንጅብል ይጠቁራል።

በጥሩ የጥር ፀሐይ ሦስት፣ አራት ቀን ይበቃዋል። መድረቁን ለማወቅ ጥቂት ቁራጮች ጥላ ውስጥ አቀዝቅዙና ሰበር አድርጉ። «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከተጣጠፈ ገና ነው። በጋለበት አትፈትኑት፤ ትኩሱ ሁልጊዜ ይለሰልሳል። እኔ ከዚያም በኋላ በብርጭቆ ማሰሮ ከድኜ አንድ ሁለት ቀን አየዋለሁ። ግድግዳው ላይ ላብ ካየሁ ወደ ፀሐይ ይመለሳል።

ደርቋል ተብሎ ከተሸጠ ጆንያ ውስጥ እርጥብ እንዴት እንደሚገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ነጋዴ ከላይ ቀጭ የሚል፣ መሀሉ ላይ የሚጣጠፍ ዝንጅብል ሸጦልኝ ነበር። ውኃ በኪሎ ተመዝኖ ተሸጠልኝ ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላው አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ጠራርጌ ጣልኩት። ሻጋታውን ጠርጎና ቆልቶ መፍጨት ይቻላል የሚል ሰው አትስሙ። ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ከጆንያው መሀል እጄን ሳላስገባ ደረቅ ዝንጅብል አልገዛም።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ወረፋ አትያዙ። ጠዋት ወፍጮው ሳይነካ መድረስ ይሻላል። ካልሆነ አንድ ሁለት እፍኝ ከራሳችሁ ዝንጅብል መጀመሪያ አስፈጩና ለቤታችሁ ወጥ አስቀሩት፤ የወፍጮውን በርበሬ እሱ ይጠርገዋል። ሁሉንም በአንዴ አታስፈጩ። ያልተፈጨው ሽታውን ለብዙ ወራት ይይዛል፤ ዱቄቱ ግን ቶሎ ይነፍሳል። የሁለት ሦስት ሳምንት ገበያችሁን ብቻ አስፈጩ።

ሒሳቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አምስት ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል ሲደርቅ አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ «ኪሎው ይሄን ያህል ነው፣ በዚህ ልሽጥ» የሚል ሰው በራሱ ገንዘብ ጎረቤት እየመገበ ነው።

ለስሌት ያህል እርጥቡ ኪሎው 100 ብር ነው እንበል። አሥር ኪሎ 1000 ብር። ሲደርቅ ሁለት ኪሎ፣ ከወፍጮና ከወንፊት ሲመለስ 1 ኪሎ ከ900 ግራም። በ50 ግራም ከታሸገ 38 ፓኬት ይወጣዋል። ዝንጅብሉ ብቻ በፓኬት 26 ብር ሆነ። ላስቲክና ታግ 5 ብር፣ ትራንስፖርትና ወፍጮ 3 ብር፣ የእጃችሁ ዋጋ 6 ብር። 40 ብር ሞላ። ገና ባለሱቁ ድርሻውን አልወሰደም፣ ገና አላተረፋችሁም። በ40 ብር ከሸጣችሁ የቀን ሠራተኛ ናችሁ ማለት ነው። ዋጋውን በየገበያችሁ ቀይሩት፤ አምስት ለአንዱ ግን ያው ነው። የእጅን ዋጋ ደግሞ አትዝለሉ። ሴቶች ስንባል ቤት ውስጥ የሠራነውን በነፃ መቁጠር ይቀናናል።

ገዢ ከወዴት?

ዝንጅብል ብቻውን ሱቅ አያቆምም። ከሌላው ባልትና ጋር ሲሆን ነው የሚያምረው። በርበሬ የሚያስደልዝ ሰው እርጥቡን ይፈልጋል፤ ሽሮ የሚያዘጋጅ ደረቁን ይፈልጋል። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመድ ሻንጣ የሚያሰናዳ ሰው በትንንሹ የታሸገ ይወዳል፤ ለእሱ ሁለት ድርብ ላስቲክ አድርጉለት። ዝንጅብልን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ለሻይ ቀላቅላችሁ ብትሸጡ ከብቻው ይልቅ ደህና ዋጋ ያወጣል። የእኔን ሱቅ ባለፈው በጋ ያቆመው ይህ ቅልቅል ነው።

ምግብ ቤቶች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገዛሉ። ገንዘቡ ፈጣን ነው፣ ግን ፍሪጅ ከሌላችሁ አትግቡበት። በተለይ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተከድኖ ከፍሪጅ ውጭ ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ ያውም ሳይሸትና ሳይለወጥ። ጠዋት ፈጭቶ የዚያኑ ቀን ማስረከብ ነው የሚበጀው።

ፓኬቱ ላይ ስሙን፣ ክብደቱን፣ የታሸገበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ስልካችሁን ጻፉ። «ፈውስ» የሚል ቃል አታስገቡ፤ ምግብ ነው የምትሸጡት። ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ከሌላችሁ ሱፐርማርኬት በር ላይ ይመልሳችኋል፤ ስለዚህ ከሰፈር ሱቅ ጀምሩ። ለሰፈር ባለሱቅ ስታስረክቡ የመጀመሪያውን ጥቂት ፓኬት ብቻ ስጡ፣ ሲያልቅ ሒሳቡን ተቀብላችሁ ሌላ ጨምሩ። «ሲሸጥ እከፍላለሁ» ብሎ ሃምሳ ፓኬት ለሚጠይቅ ሰው አሥር ስጡት።