ከፍ ያለ የአትክልት መደብ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍ ያለ መደብ መሥራት ቀላል ይመስላል፤ አራት ጣውላ መግጠም፣ አፈር መሙላት፣ ችግኝ መትከል። ቀላልም ነው። ችግሩ ስህተቱ የሚታየው ዘግይቶ መሆኑ ነው። የደረቀ ችግኝ በሌላ ይተካል። ያለ ቦታው የተቀመጠ ሳጥን ግን አንዴ ከተሞላ የሚነቀንቀው የለም፤ አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ስለዚህ እዚህ ከማነሳቸው ስህተቶች የሚበዙት አፈሩ ከመግባቱ በፊት የሚፈጸሙ ናቸው።

ፀሐዩን ሳያዩ ቦታ መምረጥ

ቲማቲም፣ ቃሪያና ሌሎች ፍሬ ሰጪዎች በቀን ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚቆይ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ሰላጣና ጎመን ከዚያ ባነሰም ይበቅላሉ። ጣውላ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጥላው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይከታተሉ። ጥላ ባይኖረውም ትልቅ ዛፍ አጠገብ አይሥሩ። ሥሩ ውሃና ኮምፖስት ያለበትን ቦታ ፈልጎ ከታች ወደ መደቡ ይገባል። የውሃ ቧንቧውም ቅርብ ይሁን፤ ባልዲ ተሸክሞ ሩቅ መሄድ ለአንድ ሳምንት ነው የሚያስደስተው።

እጅ የማይደርስበት ስፋት

የመጀመሪያ መደቤ 1 ሜትር ከ60 ነበር። ጣውላው በዚያ ልክ ስለተገኘ መቁረጡ አሳዘነኝ። ወሩ ሳያልቅ መሀሉ ላይ የበቀለውን አረም ለመንቀል አንድ እግሬን ውስጥ አስገባሁ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ ለመደ። ከፍ ያለ መደብ ጥቅሙ አፈሩ ሳይረገጥ ልል ሆኖ መቆየቱ ነው። ሲረገጥ የአየርና የውሃ መተላለፊያው ይደፈናል፣ ሥሩም ወደ ታች መሄድ ያቅተዋል። ሰው ያለ ችግር የሚደርሰው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሁለት ጎን የሚደረስበት መደብ ከ1 ሜትር ከ20 አይለፍ፤ ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ በ60 ይወሰን። በመደቦች መካከል የሚተወው መንገድ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጋሪ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ይስፋ። ባዶውን ሲያዩት መንገዱ የባከነ ቦታ ይመስላል፤ ቅጠሉ ከየአቅጣጫው ሲዘረጋ ግን ይጠባል።

ጎኑ ሲነፋ

ስስ ጣውላ በማዕዘኑ ላይ ብቻ ተመቶ ረጅም ጎን ከተሠራበት፣ ውሃ የጠጣው አፈር ወደ ውጭ ይገፋዋል። በየሜትሩ ቋሚ ይትከሉ፣ መሀሉንም በአግዳሚ ያያይዙት። ሚስማር ከጊዜ ጋር ይላላል፤ ብሎን ይሻላል። በውሃ ልክ መለካትም አይርሱ። መደቡ ካዘነበለ ውሃው ወደ አንድ ጥግ ይሄድና አንዱ ዳር ሲረጥብ ሌላው ይደርቃል።

እንጨቱ በምን እንደተነከረ አለመጠየቅ

ከባቡር ሐዲድ ስር የወጣ አሮጌ እንጨት ወፍራም ነው፣ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ያጓጓል። የማይበሰብሰው ግን ክሪዮሶት በሚባል ዘይት ስለተነከረ ነው፤ ይህም ለሚበላ አትክልት የሚሆን አይደለም። አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የታከመ አሮጌ እንጨትም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ አምራቾቹ ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት ማቅረባቸውን ያቆሙት በ2003 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነበር። አሮጌ ቀለም የተቀባ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ከተጠቀሙ ማኅተሙን ይዩ። «ኤች ቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት በሙቀት መታከሙን ያመለክታሉ፤ «ኤም ቢ» ማለት ግን በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ታጥኗል ማለት ስለሆነ ይተዉት። ማኅተም የሌለው ከሆነ ከየት እንደመጣና ምን እንደፈሰሰበት ካላወቁ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ውሃ እንዲወርድ ብሎ ጠጠር ማንጠፍ

ይህን ምክር ያልሰማ የለም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። የሚሆነው የታሰበው ተቃራኒ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ድንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ ረግረጉ ወደ ሥሩ ተጠጋ እንጂ አልራቀም፣ ጠጠሩም የአፈሩን ቦታ ወሰደ። ፕላስቲክ ማንጠፍ ከዚያም ይብሳል። የሚሻለው ሥር ያለውን መሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በዶማ ማላላትና ሣሩን ለማፈን ያልተለበደ ካርቶን ማንጠፍ ነው። የማሸጊያ ፕላስተሩን ግን ልጠው ያውጡት። ካርቶኑ በጊዜው በስብሶ ሥሩ ወደ መሬት ይዘልቃል። መሬቱ ክፍት ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለአብዛኛው አትክልት ይበቃል። በሲሚንቶ ላይ ከሆነ ግን ለቲማቲም 45 ያህል ያስፈልጋል። ጣሪያና ሰገነት ላይ ከመሥራትዎ በፊት ከላይ የጠቀስኩትን ክብደት አስበው ባለሙያ ይጠይቁ።

አፈሩ

መጀመሪያ ሒሳቡ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ 0.86 ሜትር ኩብ ያህል ይፈጃል። ብዙ ሰው በዓይኑ ግማሹን ነው የሚገምተው። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ስለሚወርድ ትንሽ ጨምረው ያዘጋጁ።

ከጓሮ የተቆፈረ አፈር ብቻውን ሳጥን ውስጥ ይጠጥራል። ኮምፖስት ብቻውን ደግሞ እየበሰበሰ ይሰምጣል፣ ከደረቀም ውሃ አልቀበል ይላል። ሁለት እጅ ጥሩ የላይኛ አፈር ከአንድ እጅ ኮምፖስት ጋር ማደባለቅ ጥሩ መነሻ ነው። ሳጋቱራ አይቀላቅሉ፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ስለሚሻማ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል።

ፍግ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም ይይዛል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ያልበሰበሰ ፍግ አፈር የሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን፣ የማይነካ ከሆነ ደግሞ 90 ቀን ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት ይላል። ሌላ እምብዛም የማይነገር ነገር አለ፤ ከብቶቹ በፀረ አረም የተረጨ ሣር በልተው ከሆነ አንዳንዱ መድኃኒት በሆዳቸው አልፎ በፍጉ ውስጥ ይቆያል። ለመፈተን ፍጉን ከአፈር ጋር ቀላቅለው በሁለት ዕቃ ፎሶሊያ ይዝሩበት፣ በሌላ ሁለት ዕቃ ደግሞ ፍግ በሌለው አፈር። በሦስት ሳምንት ውስጥ በፍጉ የበቀለው ብቻ ቅጠሉ ከተጠመዘዘ ያንን ፍግ መደቡ ውስጥ አያስገቡ።

እንደ መሬት ማጠጣት

ጎኑ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ከፍ ያለ መደብ ከመሬት ቀድሞ ይደርቃል። ላይ ላዩን አርጥቦ መተው ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋል። ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ በደንብ አጥግበው ያጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ቢጎዘጉዙበት የሚያጠጡበት ቀን ይራራቃል። ጉዝጓዙ ግን የችግኙን ግንድ አይንካ፣ ያበሰብሰዋል።

በሚቀጥለው ወቅት አፈሩ ወርዶ ሲያገኙት አይደንግጡ፣ አይቆፍሩትም። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት ከላይ ያልብሱት፤ ወደ ታች የሚያወርዱት የመሬት ትሎች አሉ።