ሮም ለሦስት ቀን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሮምን በሦስት ቀን አይቶ መጨረስ አይታሰብም። ጠግቦ መመለስ ግን ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዞው የሚበላሸው ገና ሲታቀድ ነው። ሰው ማየት የሚፈልጋቸውን ቦታዎች ይዘረዝራል፤ የትኛው በየትኛው ቀን ክፍት እንደሆነ ግን አያጣራም።

ዕለቱን ሳያዩ ማቀድ

ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የቫቲካን ሙዚየሞች እሁድ ዝግ ናቸው። በወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ ለግማሽ ቀን በነጻ ይከፈታሉ፤ ነጻ ነውና ሰልፉ አይጣል ነው። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ጳጳሱ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሕዝብ ሲያገኙ፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ድረስ ባዚሊካው፣ ማለትም ትልቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ ለጎብኚ ዝግ ነው። የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም የሆነው የቦርጌዜ ጋለሪ ሰኞ አይሠራም። ኮሎሲየም ሰኞም ክፍት ነው።

እንግዲህ ዓርብ ማታ ገብተው ሰኞ ማታ የሚመለሱ ከሆነ እቅዱ ራሱ ይወጣል፦ ቅዳሜ ቫቲካን፣ እሁድ ቦርጌዜ፣ ሰኞ ኮሎሲየም። ቫቲካንን እሁድ ወይም ቦርጌዜን ሰኞ ካደረጉት ግን በር ላይ ተመላሽ መሆንዎ ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ኮሎሲየም ነጻ ነው፤ እኔን ከጠየቁኝ ግን ያን ቀን ባይሄዱ ይሻላል። ከሦስት ቀን ላይ ግማሹን ሰልፍ ከበላው ምኑን ነጻ ሆነ?

የኦገስት አጋማሽም ይታሰብበት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ጣሊያኖች ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል ነው። ሙቀቱ ይከብዳል፣ ብዙ የቤተሰብ ምግብ ቤቶችም ለዕረፍት ይዘጋሉ።

ቲኬት እዚያው እቆርጣለሁ ማለት

ቦርጌዜ ቀድሞ ላልያዘ ሰው ቦታ የለውም ቢባል ይቀላል። ጎብኚ የሚገባው በተወሰነ ቁጥር ነው፤ የተፈቀደለት የሁለት ሰዓት ቆይታ ሲያልቅ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። የኮሎሲየም ቲኬትም የመግቢያ ሰዓትና ስም አለው። ስምዎን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፉ፤ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ፤ ቲኬቱ 15:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከ3 ሰዓት ጋር ያምታታ ሰው ቀኑ ተቃጠለ።

ሌላው የሚያሳዝነው፣ ያ ቲኬት ፎረሙንና የፓላቲን ኮረብታንም እንደሚያስገባ ሳያውቁ ኮሎሲየምን ብቻ አይተው የሚሄዱት ናቸው። የጥንቷ ሮም ዋና አደባባይ እኮ ያ ፎረም ነው!

ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን ነጻ ነው የሚል የድሮ ጽሑፍ ካገኙ ይለፉት። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስከፍላል።

ርካሽ ብሎ ሩቅ ማደር

የሮም ሜትሮ መስመሮች ጥቂት ናቸው። መሬቱ በተቆፈረ ቁጥር ጥንታዊ ቅርስ ስለሚወጣ ሥራው ይጓተታል። ፓንቴዮንና ናቮና አደባባይ አጠገብ የሜትሮ ጣቢያ የለም፤ በእግር ነው። በሆቴል የቆጠቡትን ገንዘብ በየቀኑ በመንገድ ላይ ይከፍሉታል። የከተማዋ የቱሪስት ግብርም አለ፤ በሰውና በአዳር ተሰልቶ ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ላይ ለብቻው ይከፈላል። ክፍሉን ሲይዙ ያዩት ዋጋ ይህን ላያካትት ይችላል።

ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መሯሯጥ

ቦታዎቹን በሰፈር ይመድቧቸው። ትሬቪ ፏፏቴ፣ ፓንቴዮንና ናቮና በእግር ይያያዛሉ። ቅዱስ ጴጥሮስና ካስቴል ሳንት አንጄሎ የሚባለው ምሽግ ጎረቤት ናቸው። ከኮሎሲየም ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ የጥንቱ የሰረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ሰርከስ ማክሲመስ አለ፤ እዚያው ጫፉ ላይ የፖርታ ካፔና አደባባይ። የአክሱም ሐውልት ተወስዶ የቆመው እዚህ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። ብዙ አስጎብኚዎች አይጠቅሱትም። ሮም ድረስ ሄዶ ያንን ቦታ ሳያዩ መመለስ ለእኔ ትልቅ ስህተት ነው።

መንገዱ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ወጣ ገባ ነው። አዲስ ጫማ እዚያ አይሞከርም።

በሙቀት ሰበብ አለባበስን መርሳት

ቅዱስ ጴጥሮስ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አያስገባም። ቦርሳዎ ውስጥ ስስ ስካርፍ ይኑር፣ በቃ። ሲደክምዎት ደግሞ የስፔን ደረጃዎች ላይ አረፍ አይበሉ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል።

ከኤርፖርት ያገኙትን ባቡር መያዝ

ከፊዩሚቺኖ የሚነሱ ሁለት ዓይነት ባቡሮች አሉ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ሳይቆም በግማሽ ሰዓት ገደማ የከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል። ሌላው ረከስ ይላል፤ ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ ላይ ይቆማል እንጂ ተርሚኒ አይገባም። ማደሪያዎ ትራስቴቬሬ ከሆነ በውዱ ተርሚኒ ሄደው እንደገና መመለስ ምን አመጣው? የወረቀት ቲኬት ከያዙ ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ያለው ማሽን ላይ ያስመቱት። ተቆጣጣሪው አላወቅሁም የሚል ሰበብ አይሰማም።