የዋትል ዘር ቆልቶና ፈጭቶ ዳቦ መጋገር

በአውስትራሊያ መሃል፣ ዝናብ በማይታመንበት ደረቅ ምድር፣ አቦርጂናል የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሴቶች የግራር ዘር ፈጭተው ይጋግራሉ። ሙያው የትናንት አይደለም። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ካዲ ስፕሪንግስ በሚባል ቦታ የተገኙ የወፍጮ ድንጋዮች 30 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው ይገመታል።

ዛፉን እዚህ አገር ዋትል ይሉታል። የግራር ዘመድ ነው፤ አብዛኛው ግን እሾህ የለውም። ቢጫ አበባ ያብባል። ጎልደን ዋትል የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የአውስትራሊያ ብሔራዊ አበባ ነው። ዘሩን ቤታችሁ ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ ዳቦ ውስጥ እንዴት እንደምታስገቡት ላሳያችሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለምን ደረጃ መዝለል እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለምና። እ.ኤ.አ. በ1860 ሮበርት በርክና ዊልያም ዊልስ አህጉሩን ለማቋረጥ ከሜልቦርን ተነሱ። ሲመለሱ ስንቃቸው አለቀና ኩፐር ክሪክ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ቀሩ። የአካባቢው ሕዝብ ያንድሩዋንዳ ይባላል። ዓሣ ሰጧቸው፤ ናርዱ ከሚባል ውሃ ዳር የሚበቅል ተክል የተጋገረ ቂጣም አበሏቸው። በኋላ ተጓዦቹ ናርዱውን ራሳቸው እየለቀሙና እየፈጩ መብላት ጀመሩ። ሆዳቸው እየሞላ ሰውነታቸው ግን እየከሳ ሄደ፤ በ1861 ሁለቱም ሞቱ። ናርዱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር አለ። ያንድሩዋንዳዎቹ የሚያዘጋጁበት መንገድ ይህን ጉዳት ይቀንሰዋል፤ እነ በርክ ያንን ሳይከተሉ በመቅረታቸው እንደተጎዱ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ጓደኛቸው ጆን ኪንግ ከያንድሩዋንዳዎቹ ጋር ኖረ፤ እነሱ መገቡት፤ በመስከረም ወር ፈላጊዎቹ ሲደርሱ በሕይወት አገኙት።

ተክሉን ሦስቱም ያውቁት ነበር። አሠራሩን የሚያውቁት ግን የአገሩ ሰዎች ነበሩ።

ዘሩ ከየት ይምጣ?

የእኔ ምክር ግዙ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው አካሺያ ቪክቶሪዬ የሚባለው ዓይነት ነው። ሱቅ ውስጥ ቶሎ የምታገኙት ተቆልቶ የተፈጨውን ነው፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ያገለግላል፤ ሽታው ግን ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከቻላችሁ ያልተቆላ ሙሉ ዘር ፈልጉ። ባለቤቶቹ አቦርጂናል ከሆኑ ድርጅት ብትገዙ ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል። እውቀቱ የእነሱ ነው፤ ገንዘቡም ወደ እነሱ ቢሄድ ተገቢ ነው።

ራሴ ልልቀም ካላችሁ ሁለት ነገር አስቀድሙ። አንደኛው ፈቃድ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ መልቀም ክልክል ነው፤ የአቦርጂናል መሬት ከሆነ ደግሞ ባለመሬቶቹን ጠይቁ። ሁለተኛው ዓይነቱን መለየት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ የዋትል ዓይነቶች አሉ፤ የሚበላው ጥቂቱ ነው። ጆርጂና ጊጂ የሚባለው፣ በኖርዘርን ቴሪቶሪና በኩዊንስላንድ ድንበር አካባቢ የሚበቅለው፣ ከብት የሚገድል መርዝ አለው። ስለዚህ በአበባ ቀለም ወይም በስልክ ፎቶ ተማምናችሁ አትልቀሙ። ዛፉን በስሙ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይቁም። ሜልቦርን ያላችሁ በሮያል ቦታኒክ ጋርደንስ አቦርጂናል አስጎብኚዎች የሚመሩት ጉዞ አለ፤ ተክሎቹን ከባለቤቶቹ አፍ ለመስማት ጥሩ መጀመሪያ ነው።

አገር ቤት ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ትግራይ ውስጥ ለአፈር ጥበቃና ለማገዶ በብዛት የተተከለው ሳሊግና ከዚሁ ወገን ነው። የትውልድ አገሩ የአውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው፤ እዚያ ያሉት ኑንጋር ሕዝቦች ዘሩን ለምግብ ይጠቀሙበት ነበር። በኒጀር ማራዲ አካባቢም ከአውስትራሊያ የሄዱ ሌሎች የዋትል ዓይነቶች ለምግብነት ተሞክረዋል። ይህን ሰምታችሁ ግን ከደጃችሁ ካለው ዛፍ ሸምጥጣችሁ ምጣድ ላይ አትጣዱ። መጀመሪያ የዘርፉን ባለሙያ ጠይቁ።

መውቃትና ማበጠር

የደረቀውን ዛላ ጆንያ ውስጥ ከታችሁ በዱላ ውቁት። ከዚያ በሰፌድ አበጥሩት፤ አንገዋሉት። ሰፌድ የያዘ እጅ ይህን ሥራ ለማወቅ ማንም አያስፈልገውም። አቦርጂናል ሴቶች የሚጠቀሙት ኩላሞን የሚባል ከእንጨት የተጠረበ ገበታ ነው፤ እያወዛወዙ ዘሩን ከገለባውና ከአሸዋው ይለያሉ። ጠጠር ለቅማችሁ አውጡ፤ ጥርስም መፍጫም ይሰብራል።

መቁላት

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የዋትል ዘር ልባሱ በጣም ጠንካራ ነው። ሳይቆላ ብትፈጩት መፍጫችሁን ያደክማል፤ የሚወጣውም ዱቄት ጥሬ ጥሬ ይላል። እንደ ብዙ ጥራጥሬ ሁሉ ጥሬው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግዱ ነገሮች አሉ፤ እሳት ይቀንሳቸዋል። በረሃ ላይ ሴቶቹ ዘሩን ከትኩስ አሸዋ ወይም ከፍም ጋር ያገላብጡታል፤ ልባሱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አመዱን እንደገና በኩላሞን ይለዩታል።

ለቤት ወፍራም ብረት ምጣድ ያስፈልጋል። ቡና የምትቆሉበት ካለ እሱ ይበቃል። የማያጣብቅ ቴፍሎን መጥበሻ ለዚህ አልወድም፤ ባዶውን እንዲህ መጋል የለበትም። እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። አንድ እፍኝ ብቻ ጨምሩ፤ ዘሩ በላይ በላይ ከተከመረ የታችኛው ሲያር የላይኛው ጥሬ ይቀራል። እጃችሁ ከማማሰል አይቦዝን።

ቡና ስንቆላ የምናምነው ዓይናችንን ነው፤ አረንጓዴው ሲቀላ፣ ሲጠቁር እናያለን። የዋትል ዘር ግን ሲጀመርም ጥቁር ቡናማ ነው። ምጣዱ ላይ ቀለሙ የተለወጠ አይመስልም። ለዚህ ነው ጀማሪ ሁሉ ወይ ጥሬውን የሚያወጣው ወይ የሚያሳርረው። ስለዚህ በጆሮና በአፍንጫ ቁሉ።

መጀመሪያ የጥሬ ጥራጥሬ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ መንጣጣት ይጀምራል፤ አንዳንዱ ዘሎ ከምጣዱ ይወጣልና ፊታችሁን አርቁ፤ ክዳን በከፊል ደፋ አድርጉ። ልጆች ምድጃው አጠገብ አይቁሙ። መንጣጣቱ ሲበረታ ሽታው ይለወጣል፤ ቡናም ቸኮሌትም የሚመስል ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት ሦስት ፍሬ አውጡና በማንኪያ ጀርባ ሰብሩ። ውስጡ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ገና ነው። ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ከዞረ ደርሷል። ጭሱ አፍንጫ መቆንጠጥ ከጀመረ ግን አልፏል፤ ያ ዱቄት ይመራል፤ ስኳርም ማርም አያድነውም።

ሲደርስ ምጣዱ ላይ አትተዉት። እሳቱን ብታጠፉም የብረቱ ግለት መቁላቱን ይቀጥላል። ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግፉት። በደቂቃ ቆጥራችሁ አትሥሩ፤ እንደ ምድጃው፣ እንደ ምጣዱና እንደ ዘሩ ይለያያል።

መፍጨት

በደንብ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ፣ እያሳረፋችሁ ፍጩት። ሙቀጫም ይሠራል፤ ጉልበት ግን ይጠይቃል። በወንፊት ንፉት፤ የቀረውን መልሱና ፍጩ። በባህላዊው መንገድ ሴቶቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ውሃ እየጨመሩ በትንሽ ድንጋይ ይፈጩታል፤ የሚወጣው ሊጥ እንዳለ ይበላል፣ ወይም ረመጥ ውስጥ ይጋገራል።

ዳቦው

የዋትል ዱቄት ግሉተን የለውም፤ ብቻውን አይያያዝም። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰው ከስንዴ ጋር ቀላቅሎ ዳምፐር የሚሉትን ዳቦ ይጋግራል። ስንዴው ከአውሮፓውያን ጋር የመጣ ነው፤ በኋላ በራሽን መልክ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ሻይ ሲታደል፣ መሬቱም ሲወሰድ፣ ዘር መልቀሙና መፍጨቱ በብዙ ቦታ እየቀረ ሄደ። ይህን ዳቦ ስትጋግሩ እወቁት።

2 የሾርባ ማንኪያ የዋትል ዱቄት በሩብ ኩባያ የፈላ ውሃ ዘፍዝፉና አቀዝቅዙ፤ መዘፍዘፉ ቅንጣቱን ያለሰልሰዋል። 3 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 4 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ። የተዘፈዘፈውን ከነውሃው ጨምሩ፤ ከዚያ 1 ኩባያ ያህል ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ሊጡን ሰብስቡ። ብዙ አትሹት፤ ይደርቃል። ድቡልቡል አድርጉት፣ ላዩን በቢላ መስቀልያ ቁረጡት፣ በ200 ዲግሪ ኦቨን ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጋግሩት። ታቹን ስትመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። እሳት ሜዳ ላይ ካነደዳችሁ ነበልባሉ ይውረድ፤ ሊጡን ረመጡ ላይ አድርጋችሁ በትኩስ አመድ ሸፍኑት፤ ሲወጣ አመዱን አራግፉት።

ዋትል ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ የኦቾሎኒ ወይም የጥራጥሬ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይብላ።

ያልተቆላው ዘር በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቀመጣል። የተፈጨውን ግን ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ክደኑና ሽታው ሳይጠፋ ተጠቀሙበት። ወንፊት ላይ የቀረውን ሻካራ ደግሞ አትጣሉት፤ ውሃ ውስጥ አፍሉትና አጥሉት፤ ካፌይን የሌለው፣ ማታም የሚጠጣ ትኩስ መጠጥ ይወጣዋል።